የውርርድ ዋጋን እንደ ባለሙያ ትንበያ አታትሙብን

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ ስለ ብሔራዊ ቡድኖች የጠረጴዛ ቴኒስ ግጥሚያ ያወጣችሁትን ዘገባ በደስታ ማንበብ ጀምሬ ነበር። በአማርኛ ጋዜጦች ከእግር ኳስና ከሩጫ የተረፈ ቦታ ለፒንግ ፖንግ ሲሰጥ ማየት ብርቅ ነው፤ እኔ ደግሞ የወጣትነት ዘመኔን ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ውስጥ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ በዚሁ ጨዋታ ዳኝነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ደስታዬ ግን የዘገባው መጨረሻ ላይ ስደርስ ቀዘቀዘ። ጸሐፊው የአንዱን ቡድን የማሸነፍ ዕድል በመቶኛ አስቀምጠው፣ ምንጩን «የትንበያ ገበያዎች» ብለው ብቻ አልፈውታል። አሰልጣኝ አልተጠየቀም፣ የቡድኖቹ የቀደመ ውጤት አልተነጻጸረም፣ ማን እንደሚሰለፍም አልተነገረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ቁጥር ትንበያ ሳይሆን የውርርድ ዋጋ መሆኑን፣ በተለይም በጠረጴዛ ቴኒስ የቡድን ግጥሚያ ላይ ዋጋው የሚያውቀው ነገር ከሚመስለው እጅግ ያነሰ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስለ ገበያዎቹ ለማያውቁ አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። በአሜሪካ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ካልሺና ፖሊማርኬት ናቸው። ካልሺ እ.ኤ.አ. በ2020 የፊውቸርስን (ወደፊት የሚፈጸሙ ውሎችን) ግብይት ከሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን ፈቃድ አግኝቶ በ2021 ሥራ ጀመረ። ፖሊማርኬት በዲጂታል ገንዘብ የሚሠራ ሲሆን፣ ያለ ምዝገባ በመሥራቱ በ2022 መጀመሪያ ላይ ለዚሁ ኮሚሽን 1.4 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሎ ለተወሰኑ ዓመታት አሜሪካውያን ደንበኞችን እንዳያስተናግድ ተደርጎ ነበር። አሠራራቸው በመሠረቱ አንድ ነው። «ይህ ቡድን ያሸንፋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» እና «አይ» የተባሉ ሁለት ውሎች ለገበያ ይቀርባሉ፤ እውነት ሆኖ የተገኘው ውል አንድ ዶላር ይከፍላል፣ ሌላው ባዶ ወረቀት ይሆናል። «አዎ» የሚለው በ97 ሳንቲም ከተሸጠ ገበያው 97 በመቶ ገመተ ይባላል። ሰፈራችን ካለው ቤቲንግ ቤት የሚለየው ዋጋውን የሚቆርጠው ቤቱ ሳይሆን በሁለት ወገን የቆሙት ተወራራጆች መሆናቸው ነው፤ ድርጅቱ አገናኝ ነው፤ ቢያንስ ራሱን የሚያየው እንደዚያ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ97 ሳንቲም የገዛ ሰው ቢሳካለት የሚያተርፈው 3 ሳንቲም ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበላ ግን ከዚያ በፊት 32 ጊዜ አከታትሎ ያገኘውን ትርፍ ያጣል። ስለዚህ ዋጋው 97 ይሁን 94 ወይም 99 ለተወራራጁ ትልቅ ልዩነት ሲሆን፣ ለጋዜጣ አንባቢ ግን ሦስቱም «ያለ ጥርጥር ያሸንፋል» የሚል አንድ ትርጉም ይሰጡታል። በዚህ ላይ በገጹ የሚታየው ቁጥር ማንም ሰው ገንዘብ የከፈለበት ዋጋ ላይሆን ይችላል። በፖሊማርኬት ላይ በትልልቅ ፊደል የሚጻፈው መቶኛ ገዢ እሰጣለሁ ባለውና ሻጭ እቀበላለሁ ባለው መካከል ያለው አማካይ ነው፤ የሁለቱ ርቀት ከ10 ሳንቲም ሲበልጥ ብቻ መጨረሻ የተካሄደው ግብይት ዋጋ ይቀመጣል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ስለሚንቀሳቀስ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚገበያዩበት የጠረጴዛ ቴኒስ ውል ላይ ግን ሁለት ሰዎች በተራራቀ ዋጋ ቆመው ሳይስማሙ ሲፋጠጡ የመሐላቸው አማካይ «የገበያው ግምት» ተብሎ ይታተማል ማለት ነው። የአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ጥናት፣ በፖሊማርኬት ከተመዘገበው ግብይት አንድ አራተኛ የሚሆነው ገንዘብ በእውነት ሳይንቀሳቀስ ሒሳቦች ከራሳቸው ጋር እየተሻሻጡ የፈጠሩት ሊሆን እንደሚችል ገምተዋል።

ይህ ሁሉ ግን በማንኛውም ስፖርት ላይ ሊባል የሚችል ነው። የቡድን ጠረጴዛ ቴኒስን ለብቻው የሚያስቸግር ነገር አለ፤ እርሱም አንዲት ወረቀት ናት።

በዓለም የቡድን ሻምፒዮና አንድ ግጥሚያ ቢበዛ አምስት የነጠላ ጨዋታዎች አሉት፤ ቀድሞ ሦስት ያሸነፈ ቡድን ይረታል። ከግጥሚያው በፊት በዕጣ አንዱ ቡድን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ሌላው ኤክስ፣ ዋይ፣ ዜድ የሚሉትን ፊደላት ይይዛል፤ ከዚያ የቡድን መሪዎቹ እያንዳንዱን ተጫዋች በየትኛው ፊደል እንደሚያሰልፉ ጽፈው ለዋና ዳኛው ያስረክባሉ። አንደኛው ጨዋታ ኤ ከኤክስ፣ ሁለተኛው ቢ ከዋይ፣ ሦስተኛው ሲ ከዜድ፣ አራተኛው ኤ ከዋይ፣ አምስተኛው ቢ ከኤክስ ነው። ስለዚህ በሲና በዜድ የተሰለፉት የሚጫወቱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አራቱ ግን ሁለት ጊዜ ሊጫወቱ ይችላሉ። የእግር ኳስ አሰላለፍን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ቀላል ነገር አድርጎ እንዳያየው። በእግር ኳስ አሰላለፉ ቢለወጥም አሥራ አንዱ ከአሥራ አንዱ ጋር አብረው ይጋጠማሉ። እዚህ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ራሱ የሚወሰነው በዚያች ወረቀት ነው፤ ለግራኝ የማይመች ተጫዋች ግራኝ ይደርሰዋል ወይም ይቀርለታል፤ ኳስ አዟዙሮ የሚመልስ ተከላካይ ማጥቃት ብቻ የለመደ ወጣት ፊት ይቆማል ወይም አይቆምም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ላይ በተካሄደው ሻምፒዮና የሴቶች ፍጻሜ ይህን ያየ ሰው አይረሳውም። ጃፓን በጊዜው ከተጫዋቾቿ ከፍተኛ ደረጃ የነበራትን ሂና ሃያታን አንድ ጊዜ ብቻ በሚጫወተው በዜድ ቦታ አስቀመጠቻት፤ ሁለት ጊዜ ልትጫወት በምትችልበት በኤክስ ደግሞ የ15 ዓመቷን ሚዋ ሃሪሞቶን አሰለፈች። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው ድፍረት ይመስላል። ሱን ዪንግሻ ሃሪሞቶን ስታሸንፍ ቻይና መራች፤ ከዚያ ሚዩ ሂራኖ የኦሊምፒክ ሻምፒዮናዋን ቼን ሜንግን፣ ሃያታም ዋንግ ዪዲን ረትተው ጃፓን 2 ለ 1 ሆነች። ለዓመታት ያልተቋረጠው የቻይና ሴቶች የበላይነት በአንድ ጨዋታ ላይ ተንጠለጠለ። በመጨረሻ ሱን ሂራኖን፣ ቼን ደግሞ ሃሪሞቶን አሸንፈው ቻይና 3 ለ 2 ወጣች። ውጤቱን «ቻይና አሸነፈች» ብሎ የሚዘግብ ሰው ከፍተኛ ዋጋ ያስቀመጠው ገበያ ትክክል ነበር ሊል ይችላል። ጨዋታውን የተከታተለ ግን ያ ግጥሚያ ከፍተኛ ዋጋ የሚሰጠው እንዳልነበረ፣ የጃፓን መሪ ወረቀት ላይ የጻፉት ቅደም ተከተል ሊያሳካላቸው ጥቂት እንደቀረው ያውቃል።

በዚያው ውድድር በምድብ ጨዋታ ቻይና ከሕንድ ስትገናኝ የሆነውም ከዚህ አያንስም። በዓለም ደረጃ ከ150ኛ በታች የነበረችው አይሂካ ሙከርጂ አንደኛዋን ሱን ዪንግሻን 3 ለ 1 አሸነፈች፤ ስሪጃ አኩላም ዋንግ ዪዲን 3 ለ 0 ረታች። ሕንድ 2 ለ 1 መርታ ነበር፤ በኋላ 3 ለ 2 ተሸነፈች። በወንዶቹ ግማሽ ፍጻሜም ደቡብ ኮሪያ በሜዳዋ ቻይናን ሁለት ጨዋታ ካሸነፈቻት በኋላ 3 ለ 2 ተረታለች። የቻይና ወንዶች እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2024 ዋንጫውን 11 ጊዜ አከታትለው የወሰዱ ቡድን ናቸው፤ ሴቶቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ሞስኮ ላይ በሲንጋፖር እስኪሸነፉ ድረስ ስምንት ዋንጫ አከታትለው ወስደው ነበር። የዋንጫዎቹን ብዛት ከቆጠርን እርግጠኝነት ይመስላል፤ እያንዳንዱን ግጥሚያ ከቆጠርን ግን አንዳንዶቹ በአንድ ጨዋታ ልዩነት የተረፉ ናቸው። የገበያው ዋጋ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው።

አሁን ወደ ወረቀቷ ልመለስ። ሁለቱ ወረቀቶች እስኪገለጡ ድረስ ያንን ቅደም ተከተል የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው? የቡድኑ መሪ፣ ረዳቶቹ፣ ተጫዋቾቹ፣ ምናልባት የሕክምና ባለሙያውና አብሮ የሚለማመደው ልጅ። ሁሉም ስልክ አላቸው። የዓለም ጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ተጫዋቾች፣ አሰልጣኞችና ዳኞች በራሳቸው ስፖርት ላይ እንዳይወራረዱና ያልተገለጠ መረጃ ለተወራራጅ እንዳይሰጡ በደንቡ ይከለክላል፤ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ደንቡ የሚይዘው ስሙ የታወቀን ሰው ሲሆን፣ በዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ የሚገዛ ሰው ስሙ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ረጅም መስመር ነው። የወንድም ልጅ፣ የሰፈር ጓደኛ፣ የቀድሞ የቡድን አባል ገዝቶ ቢገኝ ማን ይጠይቀዋል? የወጣትነቴን ውድድሮች አስታውሳለሁ፤ የተጋጣሚን አሰላለፍ ለማወቅ በር ላይ ጆሮ የሚጥሉ ልጆች ነበሩ። የሚያገኙት ትርፍ ግን ከጉራ አያልፍም ነበር።

ይህ ፍርሃቴ ከአየር ላይ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2026 መጀመሪያ የቬኔዙዌላው ፕሬዚዳንት ኒኮላስ ማዱሮ በአሜሪካ ኃይል ከመያዛቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንድ አዲስ የፖሊማርኬት ሒሳብ ከሥልጣን ይወርዳሉ ብሎ ገዝቶ ከ400,000 ዶላር በላይ አትርፏል። በቀጣዩ ወር ደግሞ እስራኤል ውስጥ በወታደራዊ ምስጢር ተጠቅመው በዚያው ገበያ ተወራርደዋል የተባሉ ሰዎች ክስ ቀርቦባቸዋል። የጦር ምስጢር ወደ ውርርድ ከሾለከ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ አሰላለፍ ይሾልካል ወይ ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። አንዳንድ የገበያው ደጋፊዎች ይህንኑ እንደ በጎ ነገር ያዩታል፤ ውስጥ አዋቂው ሲገዛ ዋጋው ወደ እውነቱ ስለሚጠጋ ሕዝብ ይጠቀማል ይላሉ። ዋጋውን ብቻ ለሚያይ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውስጥ አዋቂ ጋር በሌላው ወገን ቆሞ የሸጠለት ሰው ግን አለ፤ ገንዘቡም የወጣው ከእርሱ ኪስ ነው።

በውስጥ አዋቂነትና በአጋጣሚ እይታ መካከል ያለው ድንበርም ቀጭን ነው። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የቻይናው ዋንግ ቹቺን በድብልቅ ጥንድ ወርቅ ባገኘ በደቂቃዎች ውስጥ ፎቶ አንሺዎች ሲጋፉ አንዱ ራኬቱን ረግጦ ሰበረበት፤ በማግስቱ በተጠባባቂ ራኬት ተጫውቶ በስዊድኑ ትሩልስ ሞሬጎርድ 4 ለ 2 ተሸንፎ ከነጠላው ውድድር ወጣ። ያኔ ራኬቱ የተሰበረው በካሜራ ፊት ስለሆነ ዓለም ሁሉ ሰማ። በመለማመጃ አዳራሽ ውስጥ የራኬቱ ላስቲክ የተላቀቀበት፣ ትከሻውን ያመመው ወይም ሌሊቱን ሲያስመልሰው ያደረ ተጫዋች ግን ዜና አይሆንም፤ የሚያየው የጽዳት ሠራተኛውና ሹፌሩ ነው።

ሌላው ችግር ፍጥነት ነው። የአንድ ጨዋታ አንዱ ዙር የሚያልቀው 11 ነጥብ ላይ ሲሆን፣ አንዱ ነጥብ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ አይበልጥም። በቴሌቪዥን ወይም በኢንተርኔት የሚተላለፈው ምስል ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ከሚሆነው ዘግይቶ ይደርሳል። አዳራሹ ውስጥ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ ሰው የሚያየውን ቤቱ ያለው ተወራራጅ ከማየቱ በፊት ለመግዛት በቂ ጊዜ አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 የስፔን ፖሊስ ከዩሮፖልና ከኢንተርፖል ጋር ሆኖ 23 ሰዎች የተያዙበትን ምርመራ ይፋ ሲያደርግ፣ የተከሰሱበት ጉዳይ ይኸው ነበር፦ የጠረጴዛ ቴኒስ ውጤት አስቀድሞ ማስተካከልና ከስታዲየም የሚወጣውን ምስል ከአወራራጅ ድርጅቶች ቀድሞ መጥለፍ። ከዚያ በፊትም በ2020 በኮሮና ምክንያት ስፖርት ሁሉ ሲቆም፣ ተወራራጁ ዓለም በሩሲያ፣ በዩክሬንና በቼክ የሚካሄዱ ስማቸው ያልተሰማ ትንንሽ የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድሮች ላይ ተንጋግቶ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እየተተካኩ የሚጫወቱ ጥቂት ሰዎች፣ ባዶ ክፍል፣ አንድ ካሜራ። ኒው ጀርሲንና ኮሎራዶን የመሳሰሉ የአሜሪካ ግዛቶች ተቆጣጣሪዎች ከጥርጣሬ የተነሣ በዩክሬን ውድድሮች ላይ የሚደረገውን ውርርድ እስከ ማገድ ደርሰዋል። ጨዋታችን በውርርዱ ዓለም ያለው ስም ይህን የመሰለ ነው፤ እኔም ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ውጤቱ ምን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2018 ስዊድን ሃልምስታድ ላይ በተካሄደው የዓለም ቡድን ሻምፒዮና፣ የሰሜንና የደቡብ ኮሪያ ሴቶች በሩብ ፍጻሜ ተገናኙ። ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ገቡ፣ ተጨባበጡ፣ አብረው ፎቶ ተነሡ፤ ግን አልተጫወቱም። ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጋር ተስማምተው አንድ የኮሪያ ቡድን ሆነው ወደ ግማሽ ፍጻሜ አለፉ፤ እዚያም በጃፓን 3 ለ 0 ተሸነፉ። አዳራሹ ቆሞ ሲያጨበጭብ አስታውሳለሁ፤ በኢንተርኔት እየተከታተልኩ እኔም ብቻዬን ሳሎኔ ውስጥ አጨበጨብኩ። እስኪ ያን ቀን «ደቡብ ኮሪያ ሰሜን ኮሪያን ታሸንፋለች ወይ?» የሚል ውል ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ምን ይከፈል ነበር? አላሸነፈችም፤ አልተሸነፈችምም፤ ወደ ሚቀጥለው ዙር ግን አልፋለች፤ ሰሜን ኮሪያም አልፋለች። በስፖርቱ ታሪክ ውብ የሆነችው ያቺ ሰዓት ለገበያው የክርክር ፋይል ትሆን ነበር።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ፣ በእነዚህ ገበያዎች ላይ ፍርዱ የሚሰጠው ሜዳው ላይ ባለው ዳኛ ሳይሆን በውሉ አነጋገር ነው። በ2025 ክረምት የዩክሬኑ ፕሬዚዳንት ዜሌንስኪ ሱፍ ለብሰዋል ወይስ አልለበሱም በሚል ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተገበያዩበት ውል፣ ሰውየው የለበሱት ልብስ ለብዙዎች ሱፍ ቢመስልም «አልለበሱም» ተብሎ ተዘግቷል። በፖሊማርኬት ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ የሚፈታው የአንድ ዲጂታል ገንዘብ ባለቤቶች በሚሰጡት ድምፅ ነው። ጠረጴዛ ቴኒስ ላይ ተጎድቶ ያቋረጠ፣ ላስቲኩ በምርመራ ወድቆ የታገደ፣ ሳይመጣ የቀረ ቡድን ብርቅ አይደለም፤ በሜዳው ላይ ለዚህ ሁሉ የተጻፈ ደንብና ይግባኝ ሰሚ አለ። ለውሉ ግን ሌላ ደንብ፣ ሌላ ፈራጅ ነው ያለው።

ለነገሩ ሚዛናዊ ልሁንና፣ የትንበያ ገበያ ሐሳብ ራሱ ከንቱ ነው አልልም። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በትንሽ ገንዘብ ያካሄደው የምርጫ ገበያ ከሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ምርጫ ላይ እያንዳንዱ ሰው ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ሥራ ባልደረቦቹ የሚያውቃት ጥቂት ነገር አለችው፤ የሺዎች ጥቂት ተደምራ ብዙ ትሆናለች። በጠረጴዛ ቴኒስ የቡድን ግጥሚያ ላይ ግን ሺዎቹ የሚያውቁት አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ የዓለም ደረጃ ሰንጠረዡን። ያንን ደግሞ ጋዜጣችሁ ያለ ገበያ በነፃ ማተም ይችላል። ከሰንጠረዡ ውጭ ያለውን የሚያውቁት እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ መገበያየት የተከለከሉት ናቸው። (በውርርድና በውስጥ አዋቂነት ላይ የሚነሣው ክርክር አዲስ እንዳልሆነም ልጠቁም፤ ጳጳሱ ጎርጎርዮስ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1591 በጳጳስ ምርጫ ላይ የሚደረገውን ውርርድ በውግዘት ከልክለዋል።)

ነገሩ ለእኔ የቤት ጉዳይም ሆኗል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው፤ በግዛታችን ሕግ የስፖርት ውርርድ ለመቁረጥ 21 ዓመት መሙላት ስላለበት ከታወቁት አወራራጆች አንዱም አያስገባውም። ስሙን በማልጠቅሰው የትንበያ ገበያ ላይ ግን 18 ዓመት ከሞላው ይበቃል፤ ነገሩ ውርርድ ሳይሆን «የክስተት ውል» ነውና። አንድ ምሽት ስልኩ ላይ አፍጥጦ አገኘሁት፤ ግጥሚያው የጠረጴዛ ቴኒስ ስለነበረ ደስ ብሎኝ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ሁለት ቡድኖች ነበሩ፤ እርሱ ግን የተጫዋቾቹን ስም እንኳ አያውቅም፤ የሚያየው ወደ ላይ ወደ ታች የሚል መስመር ብቻ ነው። «ቁማር ጀመርክ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቁማር አይደለም፤ ገበያ ነው፤ እኔ አልወራረድም፣ እነግዳለሁ» አለኝ። በ90ዎቹ ሳንቲሞች እየገዛ ጥቂት ሳምንት ትንንሽ ትርፍ ሲለቅም ቆይቶ፣ አንድ ቀን የተማመነበት ቡድን ሲረታ የለቀመውን ሁሉ ከነዋናው ተበላ። ስንት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እናቱም እስካሁን አታውቅም፤ ስለዚህ ስሜን እንዳታትሙ እለምናለሁ።

ቁማር ነው ወይስ ንግድ የሚለውን ክርክር የእኛ ግዛት ፍርድ ቤት ድረስ ወስዳዋለች። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ በስልክ የሚደረግ የስፖርት ውርርድን ፈቅዳ ፈቃድ ካላቸው ድርጅቶች ግብር ትሰበስባለች። በ2025 የግዛቲቱ የሎተሪና የጨዋታ ተቆጣጣሪ ካልሺ የስፖርት ውሎቹን እንዲያቆም ሲያዝ፣ ድርጅቱ የፌዴራል ፈቃድ ስላለኝ ግዛት አይነካኝም ብሎ ከሰሰ፤ በኦገስት 2025 የፌዴራሉ ዳኛ የጠየቀውን እግድ ሳይሰጡት ቀሩ። በዚያው ዓመት በአፕሪል ግን የኒው ጀርሲ ፌዴራል ዳኛ በተመሳሳይ ጉዳይ ለካልሺ ፈርደው ነበር። እንግዲህ አንድ ዓይነት ውል በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በሦስት ሰዓት መንገድ ርቀት፣ በአንዱ ፍርድ ቤት ንግድ በሌላው ቁማር መስሎ ታይቷል። ዳኞች ያልተስማሙበትን ስም ጋዜጣችሁ «ገበያ» ብሎ አንዱን ወገን ደግፎ ማለፉ ሳይታሰብ የተደረገ ይመስለኛል።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ስለ ቡድን ግጥሚያ ስትዘግቡ የተጫዋቾቹን ደረጃ፣ ቀደም ብለው ተገናኝተው ከሆነ ውጤታቸውን፣ አሰላለፉ ታውቆ ከሆነም ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት ጻፉልን። የገበያውን ቁጥር መጥቀስ ግድ ከሆነባችሁ «ውርርድ» በሉት፤ ምን ያህል ገንዘብ እንደተንቀሳቀሰበትና ቁጥሩ በስንት ሰዓት እንደተወሰደ፣ የአሰላለፍ ወረቀቶቹ ከመገለጣቸው በፊት ይሁን በኋላ አብራችሁ አመልክቱ። የስፖርት ገጹ አዘጋጅ ከዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ለማድረግ ጊዜ ካላቸው፣ የመጨረሻውን እንዲመርጡ እመክራለሁ፤ አሰላለፍ ከመታወቁ በፊት የተወሰደ ዋጋ የደረጃ ሰንጠረዡ ግልባጭ ከመሆን አያልፍምና።

በመጨረሻም በዚያው ዘገባ ውስጥ አንዲት ትንሽ እርማት። የሴቶቹ ቡድን ዋንጫ «ስዌይትሊንግ» ተብሎ ተጽፏል። ስዌይትሊንግ የወንዶቹ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1926 የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የአይቮር ሞንታጉ እናት ሌዲ ስዌይትሊንግ ያበረከቱት ነው። የሴቶቹ ኮርቢዮን ይባላል፤ የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ማርሴል ኮርቢዮን በ1933 የሰጡት ነው።

ከአክብሮት ጋር፤

የቀድሞ የጠረጴዛ ቴኒስ ዳኛ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ